ኢንቴል ወይስ አርም? ፕሮሰሰርን በሚጨርሰው ሥራና በሚያስወጣው ብር የማወዳደር ዝርዝር መመሪያ

የጥር ሰርግ ሲቃረብ የባሕር ዳር የቪዲዮ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ የትኛውን ኮምፒውተር እንግዛ?» ቀድሞ መልሱ አያስቸግርም ነበር። ገበያው ላይ የነበረው ኮምፒውተር ሁሉ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ስለነበር ትውልዱንና ዋጋውን ማየት ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ማሽኖች ይደረደራሉ። አንዱ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የመጣ ትልቅ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው የምሳ ዕቃ የምታህል የአፕል ማክ ሚኒ ናት። ሦስተኛው ከዚያም ያነሰ፣ ኤን 100 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር የያዘ ሚኒ ኮምፒውተር ነው። ሻጩም «እህቴ፣ ይህኛው ኮር አይ 7 ነው፤ አትጠራጠሪ» ይላል።

እንዲህ ያለውን ቃል አምኜ ገንዘብ ከፍያለሁ። ከዓመታት በፊት ኮር አይ 7 7500ዩ የያዘ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ጎረቤቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ኮር አይ 5 8250ዩ የያዘውን ከእኔ ባነሰ ዋጋ ወሰደ። የእኔው ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል)፣ የእሱ አራት ኮር እንዳለው ያወቅሁት ሙሽሮቹ ለመልሱ ቀን ቪዲዮውን ሲጠብቁ፣ የእኔ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ሳይጨርስ ሲነጋበት ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አልገዛም፣ ለሰውም ሳልለካ አልመርጥም። የምለካበት መንገድ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ደብተር፣ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃሉ።

የምናወዳድራቸው እነማን ናቸው?

አርክቴክቸር ሲባል በዋናነት ፕሮሰሰሩ የሚረዳው የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ለአንዱ ቋንቋ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሌላው ላይ ወይ ጭራሽ አይከፈትም፣ ወይም አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ አስተርጓሚ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

ኤክስ 86 የተባለው ቤተሰብ የሚነሣው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣው 8086 ነው። የ64 ቢቱን ቅርጽ ነድፎ በ2003 ገበያ ላይ ያዋለው ግን ተፎካካሪው ኤኤምዲ ሲሆን፣ ኢንቴልም ኋላ ተከትሎታል። አርም የተወለደው በእንግሊዝ ካምብሪጅ፣ አኮርን በተባለ ኩባንያ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ቺፕ የሠራው በ1985 ነበር። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በአርም የሚሠራ ነው ብል አልሳሳትም። ይህ የስልክ ቤተሰብ ለከባድ ሥራም እንደሚበቃ ለብዙ ሰው ያሳየው አፕል በ2020 መጨረሻ ያወጣው ኤም 1 ነው። ሦስተኛው፣ ሪስክ ፋይቭ፣ በ2010 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊነድፍበት የሚችል ክፍት ንድፍ ነው። ፖሊ ግቢ ውስጥ የኮምፒውተር ምህንድስና ለሚማር ወጣት ይህ ትልቅ በር ነውና ቢያጠናው እመክራለሁ፤ ለሰርግ ቪዲዮና ለሒሳብ ሥራ ግን ገና በመሆኑ ከዚህ በኋላ አላነሣውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝልኝ። ኤን 100ም ሆነ ትልቁ ኮር አይ 7 ሁለቱም ኤክስ 86 ናቸው፤ በሥራ ግን አይገናኙም። ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው አነስተኛ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተርና ኤም 1 ያላት ማክ ሚኒም ሁለቱም አርም ናቸው፤ እነሱም አይገናኙም። ስለዚህ የምታወዳድሩት ማሽንን ከማሽን ጋር እንጂ የቤተሰብ ስምን ከቤተሰብ ስም ጋር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ሥራችሁን ጻፉ

ከገበያ በፊት ደብተር ላይ የአንድ ወር ሥራችሁን አስፍሩ። ምን ያህል ቪዲዮ ሬንደር ታደርጋላችሁ (አቀናብራችሁ የመጨረሻውን ፋይል ታወጣላችሁ)? ስንት ፎቶ ታስተካክላላችሁ? ስንት ገጽ ትተይባላችሁ? ከእያንዳንዱ ጎን ሌላ ጥያቄ ጻፉ፦ ይህ ሥራ ሲሠራ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል ወይስ ማሽኑን ትቶ ይሄዳል? ይህች ጥያቄ ኋላ ስሌቱን ሁሉ ስለምትገለብጠው አትዝለሏት።

ደረጃ 2፦ ፕሮግራሞቻችሁ ይከፈታሉ?

ፍጥነት ከመለካቱ በፊት ይህን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን ከገዛ በኋላ ነው የሚያስታውሰው። በሒሳብ ሠራተኞቻችን ዘንድ ፒችትሪ፣ በጽሕፈት ቤቶቻችን ደግሞ ፓወር ግዕዝ ሥር ሰድደዋል። ሁለቱም የተዘጋጁት በኤክስ 86 ላይ ለሚሠራ ዊንዶውስ ነው። በአፕል ኤም ቤተሰብ ላይ ያለው ሮዜታ የተባለ አስተርጓሚ ለኢንቴል ማክ የተጻፉትን ፕሮግራሞች ይተረጉማል እንጂ የዊንዶውስን አይነካም።

አርም ላይ የሚሠራ ዊንዶውስም አለ፤ ስናፕድራገን ኤክስ የያዙ ላፕቶፖች በ2024 ከወጡ ወዲህ በየቦታው እየታየ ነው። የኤክስ 86 ፕሮግራሞችን ተርጉሞ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ድራይቨሮችን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያግባቡትን ፋይሎች፣ አይተረጉምም። አሮጌ ማተሚያ፣ የባርኮድ ማንበቢያ ወይም የፕሮግራም ቁልፍ የሆነች ፍላሽ ካላችሁ፣ ለአርም የተዘጋጀ ድራይቨር ከሌላት ያ ዕቃ ከነሕይወቱ ሞተ ማለት ነው። ማተሚያ ቤት ያላችሁ በተለይ ይህን ልብ በሉ። ከኮምፒውተሩ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ማተሚያ በሃምሳ ሜጋባይት ፋይል ምክንያት ሥራ ሲፈታ ማየት ያሳዝናል።

ከፕሮግራሞቻችሁ መካከል ምትክ የሌለው አንድ እንኳ በአዲሱ ማሽን ካልተከፈተ ማወዳደሩ እዚሁ ያበቃል፤ ኤክስ 86 ግዙ።

ደረጃ 3፦ ስምና ጊጋኸርትዝ አያታሏችሁ

ፕሮሰሰር አንድን ሥራ የሚጨርስበትን ጊዜ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሥራው የሚጠይቃቸው ትእዛዞች ብዛት፣ አንዱ ትእዛዝ በአማካይ የሚፈጀው የሰዓት ምት፣ እና በሰከንድ ስንት ምት እንደሚመታ። ጊጋኸርትዝ የሚነግራችሁ ሦስተኛውን ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ማሽን «ሀ» ለአንድ ሥራ 12 ቢሊዮን ትእዛዞች ያስፈልጉታል፣ በትእዛዝ 1 ምት ይወስዳል፣ በ4 ጊጋኸርትዝ ይሠራል እንበል። 12 ሲባዛ በ1፣ ሲካፈል ለ4፣ 3 ሰከንድ ይሆናል። ማሽን «ለ» በሌላ ቋንቋ ስለሚሠራ 14 ቢሊዮን ትእዛዞች ይፈልጋል፣ ፍጥነቱም 2.8 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ ግን በአንድ ምት ሁለት ትእዛዝ ስለሚጨርስ በትእዛዝ ግማሽ ምት ይበቃዋል። 14 ሲባዛ በ0.5፣ ሲካፈል ለ2.8፣ 2.5 ሰከንድ። ትእዛዙ የበዛበት፣ ጊጋኸርትዙም ያነሰው አሸነፈ ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ፔንቲየም 4ን በ1.5 ጊጋኸርትዝ ሲያወጣ፣ በአንዳንድ ሥራዎች 1 ጊጋኸርትዝ በነበረው በገዛ ፔንቲየም 3 ተበልጦ ነበር።

ኮርም እንዲሁ ነው። ጂን አምዳል የተባለው መሐንዲስ በ1967 ያስቀመጠው ሕግ አለ፦ ከሥራው ውስጥ ሊከፋፈል የማይችለው ክፍል የጠቅላላውን ፍጥነት ይይዘዋል። ከሥራችሁ 80 ከመቶው ለብዙ ኮሮች ሊከፋፈል የሚችል ቢሆን፣ በ4 ኮር የምታገኙት ፍጥነት የአንዱን ኮር 2.5 እጥፍ ነው። ኮሩን ወደ 8 ብታሳድጉት ወደ 3.3 ገደማ ብቻ ይደርሳል። ኮሩ እጥፍ ሆነ፤ ጥቅሙ ግን በሲሶ ብቻ አደገ። ቪዲዮ ሬንደር ማድረግ በደንብ ይከፋፈላል፤ ፒችትሪ ላይ ሒሳብ መመዝገብ ግን አይከፋፈልም ቢባል ይቀላል። ለሒሳብ ሠራተኛ አንዱ ኮር ፈጣን ቢሆን ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ውድድሩን እኩል አድርጉት

አንዱ ማሽን ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ማከማቻ፣ ሌላው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካለው የምትለኩት ዲስኩን እንጂ ፕሮሰሰሩን አይደለም። የሚሞከረው ፋይል ለሁሉም ከአንድ የውጭ ኤስኤስዲ ላይ ይነበብ፤ ሚሞሪውም በተቻለ መጠን እኩል ይሁን። እዚህ ላይ የፕሮሰሰሩ የራሱ የሆነ ልዩነት እንዳለ ግን አትርሱ፤ ለምሳሌ ኤን 100 ሚሞሪ የሚያነበው በአንድ መስመር ብቻ ሲሆን፣ የጠረጴዛ ኮር አይ 5ና አይ 7 በሁለት መስመር ያነባሉ። ይህን ልታስተካክሉት አትችሉም፤ የማሽኑ እውነት ነውና እንዳለ ይለካ።

ፕሮግራሙ በማሽኑ በራሱ ቋንቋ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጡ። በዊንዶውስ 11 ታስክ ማናጀር ውስጥ «አርክቴክቸር» የሚል ዓምድ ማውጣት ይቻላል፤ በማክ ደግሞ አክቲቪቲ ሞኒተር ውስጥ «ካይንድ» የሚለው ዓምድ «አፕል» ወይም «ኢንቴል» ብሎ ያሳያችኋል። የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ያለው በትርጉም ብቻ ከሆነ በትርጉም እንዳለ ለኩት፤ ነገ የምትሠሩበትም በዚያው ነው። ለአርም የተዘጋጀ እትም እያለ የኢንቴሉን ጭኖ «አርም ዘገምተኛ ነው» ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

ቪዲዮ ላይ ከሁሉም የሚበልጥ ወጥመድ አለ። ብዙ ፕሮሰሰሮች ቪዲዮ ለመጭመቅ ብቻ የተሠራ ልዩ ክፍል በውስጣቸው አላቸው። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ይለዋል፤ ኤም 1ም የራሱ አለው። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ግን ኤች 264 ወደተባለው የተለመደ የቪዲዮ ቅርጽ የሚጨምቅ ክፍል ስለሌለው ሁሉንም በኮሮቹ ይሠራዋል። በአንዱ ማሽን ልዩውን ክፍል ከፍታችሁ በሌላው ዘግታችሁ ብትለኩ ውጤቱ ምንም አይናገርም። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አሠራር አስኪዱ፤ ከዚያም የወጡትን ፋይሎች መጠን አመሳክሩ፣ ምስሉንም ጎን ለጎን እዩት። እኔ የማየው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ የሙሽራዋን ቬሎ ጥልፍ። ጥራቱ የወረደ ቪዲዮ ላይ ጥልፉ ይሟሟና ነጭ ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ፈጥኖ የጨረሰው ማሽን ጥልፉን አጥፍቶ ከሆነ አልፈጠነም፤ ሥራ ቀንሷል።

ደረጃ 5፦ ለኩ፣ ድገሙ፣ መዝግቡ

ለመጀመሪያ ግምት ሰቨን ዚፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። በዊንዶውስ ላይ ከፍታችሁ «ቱልስ» ከሚለው ሥር «ቤንችማርክ»ን ስትነኩ ፋይል እየጨመቀና እየፈታ ይለካል፤ መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን ጠቅላላ ቁጥር መዝግቡ። ለማክና ለሊኑክስም በትእዛዝ መስመር የሚሠራ እትም አለው፤ ለአርምም ለኤክስ 86ም የተዘጋጀ በመሆኑ ለማወዳደር ይመቻል።

ዋናው መለኪያ ግን የራሳችሁ ሥራ ነው። ከአንድ ሰርግ አሥር ደቂቃ ቁረጡ፤ ጭፈራና ብዙ እንቅስቃሴ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ያንኑ ቁራጭ፣ በዚያው ማስተካከያ፣ በየማሽኑ አምስት አምስት ጊዜ ሬንደር አድርጉ። የመጀመሪያው ዙር ፋይሉን ከዲስክ ስለሚጠራ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ ጣሉት። ከቀሩት አራት ውስጥ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ከበስተጀርባ የሆነ ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ምናልባት ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ ይሆናልና ድገሙት።

ከዚያ የሙቀት ፈተና ይመጣል፤ ይህን ለባሕር ዳር ሰው አጥብቄ የምናገረው ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከ15 ከመቶ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያነሰ ስለሆነ፣ ፋብሪካው ባሕር ጠረፍ ላይ የለካው ቁጥር እዚህ ሳይደገም ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ሲጨመር ልዩነቱ ይሰማል። ስለዚህ ማሽኑን ጠዋት በቅዝቃዜው አንድ ጊዜ፣ ቀን በ8 ሰዓት ደግሞ ሌላ ጊዜ ለኩት። በ8 ሰዓቱ ልኬት ሥራውን ለግማሽ ሰዓት ሳታቋርጡ አስኪዱና የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ከመጨረሻው አምስት ደቂቃ ጋር አመሳክሩ። ቀጫጭን ላፕቶፖችና ማራገቢያ የሌላቸው ማሽኖች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ ከመፍረዳችሁ በፊት ክፈቱት። በቅርቡ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከፍቼ ማራገቢያውን ስነቅል፣ ከሥሩ ያሉት የአሉሚኒየም ክንፎች አይታዩም ነበር። አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ በርኖስ ቁራጭ አንድ ላይ ተነሣ፤ ፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ ያለው የሙቀት ቅባትም ደርቆ በጥፍር ይፈረፈር ነበር። ጠርጌ ቅባቱን ቀየርሁ፤ ልክ እንደ ሌላ ማሽን ሆነ። ያልተጠረገን ማሽን ከአዲስ ጋር ማወዳደር አቧራን ከፕሮሰሰር ጋር ማወዳደር ነው።

ስለ አማካይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማሽን «ለ» በአንዱ ሥራ የ«ሀ» 2 እጥፍ ፈጣን፣ በሌላው ግማሹን ብቻ ፈጣን ቢሆን፣ 2ንና 0.5ን ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ 1.25 ይመጣል፤ «ለ» ይሻላል ትላላችሁ። ስሌቱን ገልብጣችሁ «ሀ»ን በ«ለ» ብትለኩትም ያው 1.25 ይመጣል፤ አሁን ደግሞ «ሀ» ተሻለ! ስፔክ የተባለው፣ በ1988 የተቋቋመውና ለኮምፒውተር መለኪያዎችን የሚያወጣው ድርጅት ውጤቶቹን በማባዛትና ሥር በማውጣት የሚያጠቃልለው ለዚህ ነው፤ 2 ሲባዛ በ0.5 አንድ ነው፣ ሥሩም አንድ፤ ሁለቱ እኩል ናቸው። እናንተ ግን ከዚህም የተሻለ መንገድ አላችሁ። በደረጃ 1 የጻፋችሁትን የወር ሥራ አውጡ፤ የእያንዳንዱን ሥራ ደቂቃ በብዛቱ አባዙና ደምሩት። ለእናንተ የሚሠራው ቁጥር የወሩ ጠቅላላ ሰዓት ነው።

ደረጃ 6፦ መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አንብቡ

ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ያለው ሰው በዚያ ይጠቀም። የሌለው ግድግዳው ላይ ባለው ቆጣሪ መለካት ይችላል። በዲጂታል ቆጣሪዎች ፊት ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ ከአጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል፤ 1000፣ 1600 ወይም ሌላ ቁጥር። ማቀዝቀዣውንም አምፖሉንም ሌላውንም ሁሉ አጥፉ። ኮምፒውተሩን ብቻ ሥራ ላይ አውሉና በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። ቆጣሪው 1000 የሚል ከሆነ 3600ን ለሰከንዱ አካፍሉ፤ 45 ሰከንድ ከቆጠራችሁ ማሽኑ 80 ዋት እየወሰደ ነው። ቆጣሪው 1600 ካለ በ3600 ፋንታ 2250ን አካፍሉ። አሥር ብልጭታ ቆጥሮ ለአሥር ማካፈል የበለጠ ያስተማምናል። ማሽኑ ሥራ ሲሠራ አንድ ጊዜ፣ ተከፍቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ሌላ ጊዜ ለኩ።

በፕሮሰሰሩ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ዋት ይህን አይተካም። ኤን 100 «6 ዋት»፣ ኮር አይ 5 8500 «65 ዋት» ተብለው ቢጻፉም፣ ቁጥሩ የሙቀት ንድፉን የሚመለከት ነው፤ ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና የኃይል ማከፋፈያውን ብክነት አይጨምርም።

ዋትና ዋት ሰዓትን አትቀላቅሉ። ወደ ዘጌ የሚሄዱ ሁለት ሞተር ጀልባዎችን አስቡ። አንዱ በሰዓት ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፣ ግን ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሌላው በሰዓት ጥቂት ይጠጣል፣ ግን ሐይቁ ላይ ይውላል። መንገደኛው የሚጠይቀው ዘጌ እስኪደረስ ስንት ሊትር እንደሄደ ነው። ለኮምፒውተርም ዋቱን በሥራው ሰዓት አባዙት።

ደረጃ 7፦ አንድ ሥራ ስንት ብር ወሰደ?

ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የወሰድኋቸው ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የማሽን ዋጋ ባለፈው ወር የሰማችሁት ላይሆን ይችላል፤ ዋጋውን ከቀኑ ጋር ጻፉ። የመብራቱን ዋጋም ከራሳችሁ ደረሰኝ ውሰዱ፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በየደረጃው ከፍ እንደሚልም አስቡበት።

ሦስቱም ማሽኖች በዓመት 500 ቪዲዮ፣ በ4 ዓመት 2000 ቪዲዮ ይሠራሉ እንበል። ያገለገለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር በ30,000 ብር ተገዝቶ ኋላ በ6,000 ይሸጣል፤ አንዱን ቪዲዮ በ40 ደቂቃ፣ በ90 ዋት ይጨርሳል። የአርሙ ማሽን በ60,000 ተገዝቶ በ20,000 ይሸጣል፤ 25 ደቂቃና 30 ዋት ይበቃዋል። ትንሹ የኤክስ 86 ማሽን በ22,000 ተገዝቶ በ4,000 ይሸጣል፤ 90 ደቂቃና 20 ዋት ይወስዳል። ኪሎዋት ሰዓቱን 6 ብር እናድርገው።

ከግዢው ላይ መሸጫውን ቀንሰን ለ2000 ስናካፍል፣ በአንድ ቪዲዮ የመጀመሪያው 12 ብር፣ የአርሙ 20 ብር፣ ትንሹ 9 ብር ያወጣል። መብራቱስ? የመጀመሪያው 60 ዋት ሰዓት ነውና 36 ሳንቲም፣ የአርሙ 12.5 ዋት ሰዓት ሆኖ 8 ሳንቲም ገደማ፣ ትንሹ 30 ዋት ሰዓት ሆኖ 18 ሳንቲም። ልብ በሉ፤ ትንሹ ማሽን ዋቱ ከአርሙ ያነሰ ሆኖ ሳለ ስለቆየ የበላው መብራት በለጠ። ግን ሁሉም ሳንቲም ነው። ለአንድ ሰው ሱቅ «መብራት ይቆጥባል» ተብሎ 30,000 ብር መጨመር በዚህ ስሌት አያዋጣም።

አሁን የደረጃ 1ን ጥያቄ አምጡ። ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነና የሰውየው ሰዓት 100 ብር ቢያወጣ፣ የጥበቃው ዋጋ ለመጀመሪያው 67 ብር ገደማ፣ ለአርሙ 42 ብር ገደማ፣ ለትንሹ 150 ብር ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 79፣ 62 እና 159 ብር። ከሁሉ ርካሽ የነበረው ከሁሉ ውድ ሆነ፤ ከሁሉ ውድ የነበረው አሸነፈ። ማታ ሥራውን አስጀምሮ ጠዋት የሚሰበስብ ሰው ግን የጥበቃ ዋጋ የለበትምና ትንሹን ቢገዛ ልክ ነው። እንደየአሠራራቸው ሁለት ጎረቤታሞች ሁለት የተለያየ ማሽን ቢገዙ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ለትምህርት ቤት ወይም ለሥልጠና ክፍል ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ተከፍተው ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት። ዝም ብሎ ሲቀመጥ አንዱ 30፣ ሌላው 6 ዋት ቢወስድ፣ የ24 ዋት ልዩነት በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን፣ ለ20 ማሽን ሲሰላ 1,440 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በ6 ብር 8,640 ብር ነው፤ በየዓመቱ። ለክፍል መብራት ይቆጠራል።

ጥገናንም አስቡ። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሚሞሪው ባይበቃ ትጨምራላችሁ፣ ዲስኩ ቢበላሽ ትቀይራላችሁ። የአፕል ኤም ቤተሰብና የራስፕቤሪ ፓይ ሚሞሪ ግን ሲገዛ እንደነበረው ነው የሚኖረው። 8 ጊጋባይት ይበቃኛል ብሎ የገዛ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑን እንጂ ሚሞሪውን መቀየር አይችልም።

ደረጃ 8፦ መብራት ሲጠፋስ?

ጢስ ዓባይ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እያለ፣ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም ከዚሁ ሐይቅ ውኃ እየወሰደ፣ እኛ ዘንድ ግን መብራት ይጠፋል። ለዚህ ነው የዋት ልዩነት ከሳንቲሙ ይልቅ እዚህ ላይ የሚያስጨንቀኝ።

በትንንሽ ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆዩ ዕቃዎች) ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት። የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲሟጠጥ ከዚህ ግማሹን ገደማ ብቻ ይሰጣል ብላችሁ ያዙ። 20 ዋት ለስክሪን ጨምሩ። የመጀመሪያው ማሽን ቪዲዮውን ለመጨረስ 110 ዋት በ40 ደቂቃ፣ ማለትም 73 ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሥራው መሐል ላይ ይቀራል። የአርሙ ማሽን 50 ዋት በ25 ደቂቃ፣ ወደ 21 ዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ጨርሶ ትርፍ ያስቀምጣል። በወር ስንት ጊዜ ሬንደር መሐል ተቋርጦባችሁ ከዜሮ እንደጀመራችሁ ቁጠሩ፤ የባከነውን ሰዓት በሰው ሰዓት ዋጋ አባዝታችሁ በደረጃ 7 ላይ ደምሩት። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው እዚህ ላይ ጥሩ ነጥብ ያገኛል፤ ያገለገለ ከሆነ ግን ባትሪው በእውነተኛ ሥራ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ገመዱን ነቅላችሁ ለኩ።

ደረጃ 9፦ ሱቅ ውስጥ

የውጭ ኤስኤስዲያችሁ ላይ ሰቨን ዚፕን፣ የአሥር ደቂቃውን የሰርግ ቁራጭና የምትጠቀሙበትን የቪዲዮ ፕሮግራም ለሁለቱም ቋንቋ የተዘጋጁ እትሞች ይዛችሁ ሂዱ። «ወንድሜ፣ ሃያ ደቂቃ ስጠኝ፤ ከሠራልኝ ዛሬውኑ እከፍላለሁ» በሉት። በማሽኑ የሚተማመን ሻጭ ወንበር ያቀርባል፤ የማያስነካችሁን ትታችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ማክ ከሆነ ከባዶ እንዲጀምር አድርጉና የቀድሞ ባለቤት አካውንት ወይም የመሥሪያ ቤት ቁልፍ አለመኖሩን እዩ፤ ከቢሮ የመጣ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) የይለፍ ቃል አለመጠየቁን አረጋግጡ። እነዚህ ከተዘጉ የቱንም ያህል ቢፈጥን አይጠቅማችሁም።

ደረሰኙ ላይ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከነቁጥሩ፣ የሚሞሪው መጠንና ቢያንስ የአሥር ቀን የመመለሻ ጊዜ ይጻፍ። «ኮር አይ 7» የሚል ብቻ ከሆነ አትቀበሉ፤ 7500ዩ ይሁን 8550ዩ በግልጽ ይቀመጥ። ቤት እንደገባችሁ በማግሥቱ ቀን በ8 ሰዓት የደረጃ 5ን የግማሽ ሰዓት ፈተና አድርጉ፤ ውጤቱ ሱቅ ውስጥ ከለካችሁት ከ10 ከመቶ በላይ የወረደ ከሆነ፣ አሥሩ ቀን ሳያልፍ ማሽኑን ከነደረሰኙ ይዛችሁ ተመለሱ።